ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት

እዚህ አሜሪካ የምንገዛው ቤት እየፈለግን ነበር፤ ይህኛውን ያየነው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ነው። ኩሽናው መስኮት ጋ ቆሜ ወደ ውጭ ሳይ ትምህርት ቤቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሜዳው፣ ዥዋዥዌው፣ ባንዲራው ሳይቀር። ባለቤቴን በክርኔ ጎሸም አደረግኩትና «እዚህ ቆሜ ቡና እየቆላሁ ልጃችንን ሚጣን ክፍሏ ድረስ በዓይኔ አደርሳታለሁ» አልኩት። ሳቀ። በልባችን ቤቱን ገዝተነዋል።

ስንወጣ አንዲት ጎረቤት፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አበባቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ሰላም ብለን ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅኳቸው። «ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ። የዚህ መስመር ልጆች ግን እዚያ አይማሩም» አሉኝ። መንገዱ ራሱ ወሰን ነው። ማዶ ያሉት እዚያ ይማራሉ፤ ወዲህ ያሉት ሁለት ማይል ያህል ርቆ ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እኛ ቤቱን ያገኘንበት መተግበሪያ ላይ ግን የተጻፈው ያ በመስኮት ያየሁት ነበር።

ማታ ልጆቹን አስተኝቼ የካውንቲውን (ከስቴቱ በታች ያለውን የአካባቢ አስተዳደር) ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ከፈትኩ። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ስታስገቡ የሚደርሳችሁን ኤለመንተሪ፣ ሚድልና ሃይስኩል (የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት) የሚያወጣ መፈለጊያ አለው። የዚያን ቤት ቁጥር ጻፍኩ። ሴትዮዋ ልክ ነበሩ። ከማዶ ያለውን ቤት ቁጥር ጻፍኩ። የመስኮቱ ትምህርት ቤት መጣ። መሃላቸው ያለው አንድ አስፋልት ነው።

በማግስቱ ኦፈር (የመግዣ ዋጋ ማቅረቢያ) ልናስገባ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኛ ለጥቂት ሳናፈስ ቀረን።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ያን ጊዜ ጆርጂያ አቬኑ አጠገብ ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ አራት ነፍስ ሆነን ነበር የምንኖረው። እኔ ሆስፒታል እሠራለሁ፤ ፈረቃዬ ጠዋት በ7 ሰዓት ይጀምራል። (በአገር ቤት አቆጣጠር አንድ ሰዓት። ከዚህ በኋላ የምጽፈው በፈረንጁ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ሁለቱም ስለሚነገር ስንት ቀጠሮ እንዳመለጠን እኔ ነኝ የማውቀው።) ባለቤቴ ኡበር ይነዳል።

ሚጣ የተወለደችው በ2018፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ሴፕቴምበር 11 ነው። ዘመድ ሁሉ «እንዴት ያለ ዕድለኛ ቀን!» ብሎልን ነበር። እዚህ ግን ኪንደርጋርተን (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዓመት) የሚገባ ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት መሙላት አለበት። በአሥር ቀን ቀረች። ከዚያ ቀን በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት ውስጥ ለተወለዱ ልጆች ቀድሞ ለመግባት ማመልከት ይቻላል፤ እኛ ተውነው። አንድ ዓመት ፋታ አገኘን ማለት ነው። እቁቡም የሚደርሰን በዚያው ዓመት ነበር። ስለዚህ 2023ን በሙሉ ቤት ስንፈልግ ከረምን።

የመጀመሪያ ስህተታችን ቤት ለሚያፈላልግልን ኤጀንት «ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፈልግልን» ማለታችን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባና ወሰን ያለው ከተማ አይደለም። የፖስታ አድራሻ ስም ነው ብትሉት ይቀላል። ከ20901 እስከ 20906፣ ደግሞም 20910፣ ሁሉም ሲልቨር ስፕሪንግ ተብለው ይጻፋሉ። አንዱ ቤት ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ ነው፤ ሌላው በመኪና ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ አድራሻቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። ትምህርት ቤቶቻቸው ፈጽሞ አይገናኙም። ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ አካባቢማ ትንሽ እልፍ ስትሉ ሳታውቁት ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ትገባላችሁ። ታኮማ ፓርክ እስከ 1997 ድረስ ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ካውንቲ ውስጥ የነበረ ከተማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ወደ ሞንትጎመሪ የተጠቃለለው። ሜሪላንድ ውስጥ ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በካውንቲ ስለሆነ ካውንቲው ከተለወጠ አስተዳደሩም፣ በጀቱም፣ የመመዝገቢያ ደንቡም ይለወጣል። ኒው ጀርሲ ያለች የአክስቴ ልጅ ይሄ ገርሟታል፤ እዚያ ትንንሹ ከተማ ሁሉ የራሱ የትምህርት አስተዳደር አለው። እናም የሌላ ስቴት ሰው የሚሰጣችሁን ምክር በጥንቃቄ ስሙት። የኔንም ጨምሮ።

ምክር ካልኩ አይቀር፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ጉባኤ ልንገራችሁ። ቤት እየፈለግን መሆኑ በተሰማ በሳምንቱ ሁሉም አማካሪ ሆነ፤ የሚጠሩት ደግሞ ውድ ውድ ሰፈሮችን። «ፖቶማክ ካልሆነ ምኑን ትምህርት ቤት ሆነ?» «ከስምንት በታች ያለው ጋ ልጅሽን እንዳታስገቢ፤ በኋላ ትጸጸቻለሽ።» «ቤተዝዳ ትንሽ ኮንዶ ግዙና ተጣበቡ።» አራት የተሰጠው ትምህርት ቤት ልጆቻቸውን አስተምረው ሁለቱንም ለዩኒቨርሲቲ ያበቁት ጋሼ ግን ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ዳቧቸውን ይቆርሳሉ። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም ራሴ የጠየቅኳቸው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ስምንት፣ አራት የሚባለው ቁጥር ቤት መፈለጊያ መተግበሪያዎቹ ላይ ከቤቱ ዋጋ ሥር ከአሥር የሚወጣው ነጥብ ነው። ትምህርት ቤቶችን ከሚመዝን ግሬትስኩልስ ከሚባል ድርጅት የሚመጣ ነው። ስቴቱም የራሱ አለው፣ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥ። ሁለቱም የሚመዝኑት ብዙ ነገር ቢኖርም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የፈተና ውጤት ነው። እዚህ ላይ እኔ ዘግይቼ የገባኝ ነገር አለ። የስቴቱ የንባብና የሒሳብ ፈተና የሚጀምረው ከሦስተኛ ክፍል ነው። ልጄን ማንበብ የምታስተምራት የኪንደርጋርተን መምህርት በቀጥታ እዚያ ቁጥር ውስጥ የለችም።

ሌላም አለ። ቤታቸው እንግሊዝኛ የማይነገርባቸው ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት ውጤቱ ዝቅ ቢል ምን ይገርማል? ከአዲስ አበባ ከሁለት ዓመት በፊት የመጣ ልጅ እዚሁ ተወልዶ ካደገ ልጅ ጋር አንድ ፈተና ላይ ይቀመጣል። እኔ ራሴ በልጅነቴ መጥቼ ቢሆን ኖሮ የትምህርት ቤቴን ነጥብ ወደ ታች ከሚጎትቱት አንዷ ነበርኩ።

ቁጥሩን ጨርሳችሁ ናቁት እያልኩ አይደለም። ለዓመታት ሁለት ላይ የቀረ ትምህርት ቤት ቢገጥመኝ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ። የኛ ችግር ሳንጠይቅ መደምደማችን ነበር። ለወራት ከሰባት በታች ያለውን ሁሉ መተግበሪያው እንዳያሳየን አድርገን ነበር። ደህና ደህና ቤቶች ሳናያቸው ተሸጡ።

ካውንቲው ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ አጭር መረጃ ያወጣል። ስንት ተማሪ አለ፣ ስንቱ እንግሊዝኛ በመማር ላይ ነው፣ ስንቱ ነፃ ወይም በቅናሽ ዋጋ ምሳ ያገኛል፣ ስንቱ በዓመቱ መሃል ገባ ወይም ለቀቀ። እኔ የመጨረሻውን ነው በጣም ያየሁት። ልጆች በየወሩ የሚለዋወጡበት ክፍል ለመምህሩም ለልጁም ከባድ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ያሉ ቤተሰቦች የበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ ተጨማሪ በጀትና ሠራተኛ ይመደብላቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የተማሪው ቁጥርም ያነሰ ነው። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ስምንት የተባለው ጋ ክፍሉ በልጅ ብዛት ሊጨናነቅ፣ አራት የተባለው ጋ ልጄ ከመምህሯ ጋር ብዙ ጊዜ ልታገኝ ትችላለች ማለት ነው። መጨናነቁን በዓይንም ማየት ይቻላል። ከዋናው ሕንፃ ውጭ ግቢው ውስጥ ተጎታች ቤት የሚመስሉ ክፍሎች ከተደረደሩ (ፖርታብል ይሏቸዋል) ቦታ ጠቧል ማለት ነው።

ኤጀንታችን የኛው አገር ልጅ ነው። ስለ ጣሪያ፣ ስለ ፈርነስ (የቤት ማሞቂያ)፣ ስለ ምድር ቤት እርጥበት ከጠየቃችሁት አፉ አይከደንም። «የቱ ትምህርት ቤት ነው ጥሩ?» ስለው ግን ዝም። መጀመሪያ ዳተኝነት መስሎኝ ተናድጄ ነበር። በኋላ «እህቴ፣ እሱን እኔ ባልነግርሽ ይሻላል፤ መረጃው ያለበትን ግን እልክልሻለሁ» አለኝ። ምክንያት አለው። የ1968ቱ የመኖሪያ ቤት ሕግ ገዢን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በመጣበት አገር ለይቶ ወደ አንድ ሰፈር መግፋትን ይከለክላል። «ጥሩ ትምህርት ቤት» የሚለው ቃል ለዚያ መሸፈኛ ሲሆን ስለኖረ ጠንቃቃ ኤጀንቶች አፋቸውን አይከፍቱም። ስለዚህ ይህን የቤት ሥራ የሚሠራላችሁ ሰው የለም። ራሳችሁ ናችሁ።

ሁለት ትምህርት ቤቶች ሄጄ አየሁ። ቢሮ ደውላችሁ «ወደዚህ ሰፈር ልንገባ እያሰብን ነው፣ መጎብኘት እንችላለን?» ማለት ነው፤ አያሳፍርም። በጸደይም ለአዲስ የኪንደርጋርተን ወላጆች የሚያዘጋጁት ቀን አለ። ስምንቱ ጋ ሁሉም ነገር ሥርዓት ያለው ነበር፣ ምንም የሚወጣለት እንከን የለም። አራቱ ጋ ስገባ በሩ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» በአማርኛ ተጽፏል። ለጽሑፍ ብዬ አልነበረም የሄድኩት፣ ግን ልዋሽ? አንጀቴን በላው።

ከጉብኝቱ ይልቅ ብዙ የተማርኩት ግን በመለቀቂያ ሰዓት አጥሩ ጋ ቆሜ ነው። እዚያ የሚጠብቁ ወላጆች እውነቱን ይነግሯችኋል። አንዲት የኛ አገር ሴት፣ ሦስት ልጆች ያሏት፣ «ምሳ ሰዓቱ አጭር ነው፣ ካፍቴሪያው ጫጫታ ነው፣ ፓርኪንጉ ደግሞ መዓት ነው» አለችኝ። ከዚያ «ትልቁ ልጄ በአንደኛ ክፍል ማንበብ አቅቶት ነበር። መምህሯ እኔ ሳልጠራት ጠራችኝ» አለች። ርዕሰ መምህሯ አውቶቡሶቹ ጋ ቆማ ልጆቹን በስማቸው ስትሸኝም አየሁ። ይሄን የሚመዝን መተግበሪያ የለም።

አሁን ማንም ያልነገረንን ልንገራችሁ፤ ሰዓቱን። እዚህ ካውንቲ ኤለመንተሪ የሚጀምረው እንደ ትምህርት ቤቱ በ9 ሰዓት ወይም በ9 ሰዓት ከ25 ነው። የሚለቀቁት 3 ከ25 ወይም 3 ከ50 ላይ። የኔ ፈረቃ 7 ላይ ይጀምራል። ከ7 እስከ 9 ልጅቷን ማን ይዟት ይቆያል? ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጅ የሚይዙ በክፍያ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ግን ቦታው ይሞላል፣ ወረፋ አለው። ቤቱን ከመፈረማችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። እኔ የደወልኩበት አንዱ ቦታ ሳቀብኝ ማለት ይቻላል። በረዶ ሲጥል ደግሞ ትምህርቱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የሚጀምርበት ቀን አለ፤ ሥራ ቦታዬ ግን በረዶ አያውቅም።

አውቶቡሱም እንዲሁ ነው። ለኤለመንተሪ ልጅ አንድ ማይል ድረስ የእግር መንገድ ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ በታች ከሆነ ባጠቃላይ ቢጫው አውቶቡስ አይመጣላችሁም። «ለትምህርት ቤት ቅርብ» የሚለው ማስታወቂያ እኛን ያስደሰተን ይህን ሳናውቅ ነው። ቅርብ ማለት በጃንዋሪ ብርድ አንድ ሰው ልጅቷን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በስልክ ስትሰማ «እናንተስ ብቻችሁን አልነበር እንዴ የምትሄዱት?» አለችኝ። እማዬን እዚህ ስለ ባለ ስድስት መስመር መንገድ እንዴት ላስረዳት?

ሌላ ወጥመድ፦ ኤለመንተሪ ሁሉ ከኪንደርጋርተን እስከ አምስተኛ አይደለም። አንዳንዶቹ ጥንድ ናቸው። አንዱ እስከ ሁለተኛ ክፍል፣ ሌላው ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ። ሁለት ልጅ ላለው ሰው ጠዋት ሁለት በር ማድረስ ሊሆን ነው። እኔ ሁለት አለኝ።

ወደ ብሩ እንምጣ። ስምንት ነጥብ ያለው ሰፈር ያገኘነው ቤት 640 ሺህ ዶላር ነበር፣ ኩሽናው ያረጀ። አራት ነጥብ ያለው ሰፈር ያገኘነው ታውን ሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) 450 ሺህ፣ ሦስት መኝታ ቤት። ሞርጌጁ (የቤት ብድሩ)፣ ታክሱና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ልዩነቱ በወር 1,200 ዶላር ገደማ መጣ። ባለቤቴ ወረቀት አውጥቶ ወደ ሰዓት ለወጠው። ያንን ለመሙላት ቅዳሜንና እሑድን ጨምሮ መንዳት አለበት። «ጥሩ ትምህርት ቤት አስገብተናት የቤት ሥራዋን የሚያይላት ሰው ላይኖር ነው» አለኝ። ለሦስት ቀን አኩርፌው ነበር፤ ልክ ስለሆነ።

ታውን ሃውሱን ገዛን። ክሎዚንግ (የሽያጩ መዝጊያ ፊርማ) በ2024 ጸደይ።

ስለ ታክሱ አንድ ነገር ላስገባ። ማስታወቂያው ላይ የምታዩት ሻጩ የሚከፍለው ነው። ሜሪላንድ የቤት ግምትን በየሦስት ዓመቱ ያድሳል፤ ለረጅም ጊዜ ለኖረ ባለቤት ግን ታክስ የሚጣልበት ግምት በየዓመቱ ከተወሰነ በላይ እንዳይዘል የሚገድብ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለ። እናንተ ስትገዙ ያ ቅናሽ አብሮ አይመጣም፤ በስማችሁ እንደገና ታመለክታላችሁ። እኛ ሳናመለክት ወራት አሳለፍን። ቅጹ አጭር ነው፣ ሰነፍን ደግሞ ማን ያስታውሰዋል። የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ወርሃዊ ክፍያም አትርሱ።

ለምዝገባ የጠየቁን የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድና በአድራሻው መኖራችንን የሚያሳይ ሰነድ ነው። ከዘመድ ጋር ተጠግቶ የሚኖር ሰው ለዚያ የተዘጋጀ ቅጽ አለው፤ ባለቤቱ ይፈርምላችኋል። ይህን የምጽፈው በአጎት ወይም በጓደኛ አድራሻ ልጅ የማስመዝገብ ነገር በኛ ሰው ዘንድ ስለተለመደ ነው። ሲደረስበት ልጁ በዓመቱ መሃል ሊወጣ፣ የትምህርት ወጪም ሊጠየቅ ይችላል። ልጁ ጓደኛ ካፈራ በኋላ ማለት ነው። የምር ችግር ያለበት ሰው ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ምደባ እንዲለወጥለት ማመልከት ይችላል። በቀላሉ አይፈቅዱም፣ ግን ቀጥተኛው መንገድ እሱ ነው።

ቤት ውስጥ ስለሚነገረው ቋንቋ የሚጠይቅም ቅጽ አለ። ጓደኛዬ «እንግሊዝኛ ብለሽ ጻፊ፣ ወደ ኋላ እንዳያስቀሯት» አለችኝ። እኔ አማርኛ ብዬ ጻፍኩ። ፈተኗት፤ ለመጀመሪያው ዓመት በቋንቋ የምትረዳት መምህርት ተመደበችላት። ከክፍሏ ወደ ኋላ አልቀረችም። እኔም ለወላጆች ስብሰባ በነፃ አስተርጓሚ ቀረበልኝ፤ አልፈለግኩትም ነበር፣ ለአማቴ ግን ጠቀማቸው። ካውንቲው ብዙ ወረቀቶቹን በአማርኛም ያወጣል፤ ጠይቁ።

በመጨረሻ ላይ ብዙ ሰው የማይወደው ነገር አለ። ቤቱን ስትገዙ ወሰኑን አትገዙትም። የትምህርት ቦርዱ ትምህርት ቤት ሲሞላ ወይም አዲስ ሲከፈት ወሰን ይቀይራል። በ2019 በካውንቲው ሰሜን ክላርክስበርግ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ወሰን ሲቀየር ትልቅ ጭቅጭቅ ነበር። በ2025ም ዉድዋርድና ክራውን ለሚባሉት ሃይስኩሎች ሲባል የወሰን ጥናት ሲካሄድ ብዙ ወላጅ ስብሰባ ሲሮጥ ከረመ። ስለዚህ አንድን ትምህርት ቤት ብቻ ብላችሁ ከአቅማችሁ በላይ አትክፈሉ። በአካባቢው ያሉትን ሁለትና ሦስቱንም እዩ፤ ከነሱ ወደ አንዱ ብትመደቡ ትኖሩበታላችሁ ወይ? እኛ ይህን ጥያቄ ስለ ታውን ሃውሱ ስንጠይቅ መልሱ አዎ ነበር።

ሚጣ ኦገስት 26፣ 2024 ኪንደርጋርተን ገባች። ከቤታችን 0.8 ማይል ነው፤ አውቶቡስ የለንም። ጠዋት የሚያደርሳት አባቷ ነው፤ እኔን ስድስት ሰዓት ላይ ሸኝቶኝ ይመለሳል። ከሰዓት ፈረቃዬ ከፈቀደልኝ እኔ አመጣታለሁ። ጋሼን አንድ እሑድ አዳራሽ ውስጥ አግኝቼ ያን ሁሉ ጊዜ ለምን ምንም እንዳላሉ ጠየቅኳቸው። «ማን ጠየቀኝ?» አሉና ዳቦ አቀበሉኝ።

ያን ባለ መስኮት ቤት አሁንም ወደ ሥራ ስሄድ አልፈዋለሁ። ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። እረፍት ወጥቼ ዘግየት ብዬ ባለፍኩበት ጠዋት ሁለት ልጆች ደጁ ላይ ቦርሳቸውን አዝለው ያያሉ፤ ከማዶ ደወሉ ይሰማል። ቢጫው አውቶቡስ ይመጣና ወደ ሌላኛው ይወስዳቸዋል።